ጉንፋኑን የሚያመጣው አንዱ፣ የሚከፍልበት ሌላው

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ለመጽሔቱ አንባቢያን እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  

ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለ ጉንፋን ነው። «ስለ ጉንፋን ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ብንሆን እስካለፈው ዓመት ድረስ ሐሳባችን ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጉንፋን ማለት ለእኛ ዝንጅብል በሻይ ጠጥተው፣ ተሸፋፍነው ተኝተው፣ በሦስተኛው ቀን የሚገላገሉት ነገር ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በገዛ ቤታችን የደረሰ ጉዳይ ነውና ወጋችንን ከዚያ እንጀምር።

በቤታችን ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የሰባት ዓመቱ ልጃችን ራሱን እያመመው፣ ሰውነቱም እየጋለ ከትምህርት ቤት መጣ። ሁለት ቀን ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ኳሱን ፈለገ። ሲያመው የተኛው እንደ ልማዱ በአያታችን አልጋ ላይ፣ በእርሳቸው ጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። ማናችንም ልብ አላልነውም። የታመመ ልጅ አያቱ ጉያ ካልተኛ የት ይተኛል?

ከአራት ቀን በኋላ አያታችን «እህል አስጠላኝ» አሉ። አላሳላቸውም፤ አላስነጠሳቸውም፤ ግንባራቸውን ብንዳስስም ትኩሳት የለም። በማግስቱ ግን ዙህርን ሰግደው ከጨረሱ በኋላ እንደገና ውዱእ አድርገው ለዙህር ቆሙ። «እማዬ፣ ሰግደዋል እኮ» ብንላቸው «አልሰገድኩም!» ብለው ተቆጡን። ማታ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በኖሩበት ቤት ውስጥ በሩ ጠፍቷቸው ሲደናበሩ ወደቁ። እኛም «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ብለን ተቀበልነው። በሦስተኛው ቀን ትንፋሻቸው ማጠር ሲጀምር ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን «ሰሞኑን በቤታችሁ ጉንፋን ይዞት የነበረ ልጅ አለ?» ብሎ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ አያታችን ዐሥራ አንድ ቀን ተኝተው ወጡ። ነገር ግን በእግራቸው መስጊድ ደርሰው ይመለሱ የነበሩት እናት ዛሬ የሚሰግዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። በሽታውን ወደ ቤት ያስገባው ልጅ ግን ከሁለት ቀን ትኩሳት በስተቀር ምንም አልነካውም።

ውድ አድማጮች፤ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ጉንፋን ሁሉንም ዕድሜ ይይዛል፤ ሁሉንም ግን እኩል አይጎዳም። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አንዱ ነው፤ የሚከፍልበት ደግሞ ሌላው ነው።

ሁለቱን ጉንፋኖች እንለያቸው

በአማርኛችን አፍንጫ የሚደፍነውንም ሆነ አጥንት ድረስ ገብቶ የሚያንቀጠቅጠውን በአንድ ስም «ጉንፋን» እንላቸዋለን። በሕክምና ግን ይለያያሉ። ቀላሉን ጉንፋን የሚያመጡት ከ200 የሚበልጡ የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው። ኃይለኛውን ጉንፋን የሚያመጣው ግን ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ቫይረስ ነው። በየዓመቱ ወቅት ጠብቀው የሚዛመቱት «ኤ» እና «ቢ» የተባሉት ዓይነቶቹ ናቸው።

ኢንፍሉዌንዛ ቀስ ብሎ አይገባም። ጠዋት ደኅና ሆኖ ከቤቱ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ይገኛል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ የራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ደረቅ ሳልና ድካም ምልክቶቹ ናቸው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው በአማካይ በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ክፋቱ ሰውየው መታመሙን ከማወቁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንኳ ወደ ሌላው ማስተላለፍ መጀመሩ ነው።

«ብርድ መታኝ» የምንለው ነገርም አለ። ብርድ በራሱ ጉንፋን አይወልድም። ነገር ግን ብርድን ፈርተን በርና መስኮት ዘግተን በአንድ ክፍል ስንታፈን አንዱ ያስወጣውን ትንፋሽ ሌላው ይስበዋል። ደረቅና ቀዝቃዛ አየርም ቫይረሱ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ይረዳዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ አንድ ቢሊዮን ያህል ሰው በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይያዛል። ከእነዚህ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጠና ይታመማሉ። ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርሱት ደግሞ በመተንፈሻ አካል ችግር ሕይወታቸው ያልፋል። እንግዲህ «ጉንፋን ነው» ብለን የምናልፈው ነገር ይህን ያህል ነፍስ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? በዕድሜ ከፋፍለን እንያቸው።

ገና ያልጠነከሩት

ከተወለዱ ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕጻናት የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ይበልጥ ሁለተኛ ዓመታቸውን ያልደፈኑት። የሕጻን የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው። ለአዋቂ ሰው ትንሽ ንፍጥ የሆነው ነገር ለእርሱ መተንፈሻ ይዘጋበታል። ሰውነቱም ይህን በሽታ ከዚህ በፊት አይቶት ስለማያውቅ የሚከላከልበት ዝግጁ መሣሪያ የለውም። በዚህ ላይ ትኩሳቱ በድንገት ሲጨምር አንዳንድ ሕጻናትን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ብዙዎቹን ደግሞ ጆሯቸውን ያመረቅዛቸዋል።

ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በተያያዘ የሳንባ ሕመም ከሚሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕጻናት ውስጥ 99 በመቶ የሚሆኑት በታዳጊ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በሀብታሙም አገር ያለው ሕጻን በዚሁ ቫይረስ ይያዛል፤ ልዩነቱ በጊዜ ሐኪም ዘንድ መድረሱና ኦክስጅን ማግኘቱ ላይ ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ይህን ያዙልን። ሕጻኑ ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እያያችሁ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አልነቃ ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይደር።

እንዳይደረጉ የምንለምናችሁም ነገሮች አሉ። «እንጥሉ ወርዶ ነው» እየተባለ እንጥል ማስቆረጥ ሳል አያድንም፤ ብዙ ሕጻን ደም ፈሶት ወይም ቁስሉ አመርቅዞ ለሞት ያበቃ ልማድ ነው። ማር ለሳል ጥሩ ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕጻን ግን አይሰጥም፤ ሆዱ ውስጥ መርዝ የሚፈጥር ተሐዋስ ሊኖርበት ይችላል። አስፕሪን ጉንፋን ለያዘው ልጅ አይሰጥም፤ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ አደገኛ ችግር ያስከትላል። በተዘጋ ቤት ከሰል አያይዞ ሕጻንን ማጠንም ሳንባውን ይጎዳል እንጂ ቫይረስ አይገድልም።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕጻን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አይሰጠውም። ለእርሱ መከላከያው እናቱና በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው። እናት በእርግዝናዋ ወቅት ብትከተብ መከላከያው ለጽንሱ ይተላለፋል፤ ከተወለደም በኋላ የእናት ጡት ይረዳዋል። እናት ጉንፋን ቢይዛት እንኳ ማጥባቷን አታቋርጥ፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ታጥባው።

ሮጠው የሚያደርሱት

ከአምስት ዓመት እስከ አሥራዎቹ መጨረሻ ያሉት ልጆች በብዛት ይያዛሉ፤ በቶሎም ይድናሉ። በየዓመቱ ከአዋቂዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ከልጆች ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይያዛሉ ተብሎ ይገመት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ወንበር ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እርሳስ ይዋዋሳሉ፤ በአንድ ኩባያ ይጠጣሉ። በመድረሳም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ድምፅ ከፍ አድርገው ይቀራሉ። በዚህ ላይ አዋቂ ሰው ቫይረሱን አምስት ወይም ስድስት ቀን ያህል ሲያስተላልፍ ልጆች ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ያስተላልፋሉ። ኳስ ጨዋታ ጀመረ ማለት ማስተላለፍ አቆመ ማለት አይደለም።

በዚህ ዕድሜ ወላጅን የሚያስደነግጥ አንድ ምልክት አለ። ልጁ ትኩሳቱ በርዶለት ከተነሳ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ባቶቹን አሞት በእግሩ መቆም ያቅተዋል። በተለይ «ቢ» የተባለው ዓይነት የሚያመጣው የጡንቻ ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ለሐኪም ይታይ። ማስመለስና ተቅማጥም ከአዋቂ ይልቅ በልጆች ላይ ይበዛል።

ይህ ማለት ግን በተማሪ ላይ በሽታው ሁልጊዜ ቀላል ነው ማለት አይደለም። አስም ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሌላ ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ልጅ እንደ ጨቅላ ሕጻን ሊጠበቅ ይገባዋል።

ጠንካሮቹና የ1911ዱ ኅዳር

ጎልማሳው «እኔ ጠንካራ ነኝ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ይድናል። ሳሉ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሆኖም ከጎልማሶችም መካከል የማይካተቱ አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ሳንባዋ በጽንሱ ስለሚጨናነቅ፣ ልቧም ስለሚደክም በጠና የመታመም ዕድሏ ከሌሎች እኩዮቿ ይበልጣል። ስኳር፣ አስም፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውም እንዲሁ።

ታሪክ ደግሞ ጥንካሬ መመኪያ እንዳልሆነ ያስተምረናል። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1918 የተነሳው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በዓለም ላይ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ እንዳለቀ ይነገራል፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። የሚገርመው ያ ወረርሽኝ ከሕጻናትና ከሽማግሌዎች ሌላ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን፣ ጉልበታቸው ያልደከመውን በብዛት መውሰዱ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሊቃውንት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ትውስታ ነው። ሰውነታችን በልጅነቱ የተገናኘውን የመጀመሪያውን የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት አጥብቆ ያስታውሳል። ኋላ የሚመጣው ከዚያ ጋር ከተመሳሰለ ይቋቋመዋል፤ ካልተመሳሰለ ይቸገራል። ለዚህ እ.ኤ.አ. 1977 ጥሩ ምስክር ነው። ለሃያ ዓመት ጠፍቶ የነበረው «ኤች 1 ኤን 1» የተባለው ዓይነት በዚያን ዓመት ሲመለስ በአብዛኛው የያዘው ከ25 ዓመት በታች ያሉትን ነበር። ታላላቆቻቸው ቀድሞ ያውቁታልና።

እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ መልክ ይዞ የመጣው «ኤች 1 ኤን 1» ወረርሽኝም እንዲሁ ነበር። ከሞቱት መካከል 80 በመቶ ያህሉ ከ65 ዓመት በታች እንደነበሩ ተገምቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዓረብ አገሮች የጤና ሚኒስትሮች ካይሮ ላይ ተሰብስበው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው በዚያ ዓመት ሐጅ እንዳይሄዱ ተስማምተው ነበር። ዕድሜንና በሽታን አያይዞ መመልከት የሐኪም ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ሁላችንም አይተናል።

የሚከፍሉት

አሁን ወደ ትልልቆቻችን እንመለስ። በተለመደው ዓመት ትልቁን ዋጋ የሚከፍሉት 65 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ከሚሞቱት ከ70 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ዕድሜ ያሉ ናቸው። በተለይ «ኤች 3 ኤን 2» የተባለው ዓይነት በበዛበት ዓመት ይበረታባቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት የመከላከል አቅም ይደክማል፤ የሳሉም ጉልበት ይቀንሳል፤ በቫይረሱ የቆሰለው ሳንባ ላይ ሌላ ባክቴሪያ ተደርቦ ሳንባ ምች ያመጣል። ጉዳቱ በሳንባም አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ ኦንታሪዮ የወጣ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በተረጋገጠባቸው ሰዎች ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመድረሱ ዕድል ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል።

እኛን ያሳሳተን ግን ሌላ ነው። በአረጋውያን ላይ በሽታው በሚታወቅበት መልኩ ላይመጣ ይችላል። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ሳልም ላይኖር ይችላል። በምትኩ ምግብ ይዘጋቸዋል፤ ቀንና ሌሊት ይምታታባቸዋል፤ የሰገዱትን ሶላት ይረሳሉ፤ ይወድቃሉ። እኛ ይህን ሁሉ አየን፤ «እርጅና ነው» አልን። እርጅና ግን በሦስት ቀን አይመጣም። ውድ አድማጮች፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። አባት ወይም እናት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ጠባያቸው ከተለወጠ፣ በተለይም በቤቱ ጉንፋን ከነበረ፣ ያ ሕመም ነው፤ ሐኪም ዘንድ ይወሰዱ።

የጃፓን ልጆችና የጃፓን አያቶች

«ልጅ ያመጣል፣ አያት ይከፍላል» ያልነው የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ይዘን አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆቿን ከኢንፍሉዌንዛ ትከትብ ነበር፤ ከ1977 እስከ 1987 ደግሞ ግዴታ አድርጋው ቆየች። በኋላ «ጥቅሙ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በዛና በ1994 ፕሮግራሙ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት የዚያን ዘመን የሞት መዝገብ ሲመረምር ልጆቹ ይከተቡ በነበረበት ጊዜ በየዓመቱ ከ37 ሺህ እስከ 49 ሺህ የሚደርስ ሞት ሳይቀር እንዳልቀረ ገመተ። ክትባቱ ሲቆም የክረምቱ ሞት ተመልሶ ከፍ አለ። ከሞት ይድኑ የነበሩት በአብዛኛው አረጋውያን ነበሩ። ግምቱን የሚከራከሩበት ምሁራን ቢኖሩም ብዙ አገሮች ልጆችን ስለ መከተብ ዳግም እንዲያስቡ አድርጓል።

በካናዳም በገጠር መንደሮች ንብረታቸውን በጋራ አድርገው በሚኖሩ ሁተራይት በተባሉ ማኅበረሰቦች መካከል ሙከራ ተደርጓል። በአንዳንዱ መንደር ልጆቹ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተሰጣቸው፤ በሌላው መንደር ሌላ ክትባት። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ሲወጣ ልጆቹ በተከተቡበት መንደር ራሳቸው ያልተከተቡት ሰዎች በኢንፍሉዌንዛ የመያዝ ዕድላቸው በ61 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ልጁን የጠበቀ ጎረቤቱን ጠበቀ ማለት ነው።

ሦስተኛውን ምስክር ሁላችንም አይተነዋል። በኮቪድ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አፍና አፍንጫ ሲሸፈን፣ እጅ ሲታጠብ ኢንፍሉዌንዛ ከዓለም የጠፋ እስኪመስል ድረስ ቀነሰ። «ያማጋታ» የተባለው የ«ቢ» ዝርያ ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መኖሩ የተረጋገጠበት አልተገኘም። ጥንቃቄያችንን ስንተው ግን ሌሎቹ ተመለሱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከቤት እንጀምር። የታመመ ልጅ ከአያቱ አልጋ ይለይ፤ ጋቢውም፣ ፎጣውም፣ ኩባያውም የራሱ ይሁን። ፍቅር መቀነስ አይደለም፤ ለአምስትና ለስድስት ቀን ብቻ ነው። ቀን ቀን መስኮት ይከፈት። እኛ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እናደርጋለን፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ካስነጠሱና ከተናፈጡ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ይጨመርበት፤ ሁሉም በአንድ ፎጣ መጠራረጉም ይቅር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስነጥሳቸው ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑ እንደነበር ተዘግቧል። ሱናቸውን የሚወድ ሰው ክንዱን አጥፎ አፍና አፍንጫውን መሸፈን አይከብደውም።

ወደ መስጊድ ስንመጣ፣ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሰጋጆችን እንዳያስቸግር ከመስጊድ እንዲቆይ መታዘዙን ሁላችንም ከዑለሞቻችን ሰምተናል። ሽታው ለዚህ ካበቃ፣ ትኩሳት ይዞት የሚያስል ሰው በሽማግሌዎች መካከል ሰፍ ገብቶ መቆሙን ምን እንበለው? እቤቱ ይስገድ። ዚያራም ቢሆን እንዲሁ ነው። የታመመን መጠየቅ ሐቅ ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ አስከትሎ አረጋዊ መጠየቅ ግን በሽታ ማድረስ ነው። በስልክ መጠየቅም መጠየቅ ነው። ረመዳን ላይ የታመመ፣ ያረጀና ነፍሰ ጡር ጾሙን በተመለከተ የተሰጠውን ፈቃድ ሳያፍር ይጠቀምበት፤ ዝርዝሩን ዑለሞችን ይጠይቅ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ አሞክሳሲሊንና መሰሎቹ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይገድሉም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ኋላ ለእውነተኛው ሳንባ ምች መድኃኒት ማሳጣት ነው። እረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ አጥሚትና ሾርባ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ዝንጅብሉም ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ እኛም እንጠጣዋለን። ለኢንፍሉዌንዛ የተሠራ ኦሴልታሚቪር የተባለ መድኃኒት አለ፤ የሚረዳው በተለይ ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና አረጋውያንን፣ ሕጻናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይዞ «ነገ ይሻላቸዋል» እያሉ መቆየት አይገባም።

ስለ ክትባቱ፣ ቫይረሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ ይወሰዳል፤ መከላከል ለመጀመርም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮችን፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕጻናትን፣ አረጋውያንን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውንና የጤና ሠራተኞችን ያስቀድማል። ክትባቱ መያዝን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም በጠና ከመታመም ያድናል። በአገራችን በመደበኛው የሕጻናት ክትባት ውስጥ አልተካተተም። ሆኖም ጉንፋንን ተከትለው የሚመጡትን የሳንባ ምች ተሐዋስያን የሚከላከሉ ሁለት ክትባቶች፣ አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ2007፣ ሌላው ከ2011 ጀምሮ፣ በየጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጣሉ። የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ እዩ፤ ሳይጨርስ የቀረ ካለ ይጨርስ። ወደ ሐጅና ዑምራ የምትጓዙ፣ በተለይ ትልልቆች፣ ከመነሳታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ስለዚህ ክትባት ጠይቁ።

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን የምታነሱት አንድ ጥያቄ አለ። በአፍንጫ የሚረጨው የልጆች ክትባት ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለበት፤ እውነት ነው። ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗልና ይፈቀዳል ያሉ ዑለሞች አሉ፤ ልባቸው ያልተቀበለው ወላጆችም አሉ። እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች በመርፌ የሚሰጥ፣ ጄላቲን የሌለበት አማራጭ ስላለ ትምህርት ቤቱን ወይም ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። ጉዳዩን ምክንያት አድርጎ ጨርሶ መተው ግን መፍትሔ አይደለም።

ውድ አድማጮቻችን፤ በቤታችን ዛሬ አንድ ደንብ አለ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመጣ አፍንጫው ፈሰስ ካለ ወደ አያቱ አልጋ አይሮጥም። በሩ ላይ ቆሞ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማዬ፣ ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል» ይላቸዋል። እርሳቸውም ከወንበራቸው ሆነው ሰላምታውን ይመልሱና ይመርቁታል። መጀመሪያ ሰሞን ከብዷቸው ነበር፤ አሁን ለምደውታል። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። እናንተ ሳትዘገዩ እንድትማሩት ብለን ነግረናችኋል።

አላህ ሕጻናቶቻችንን ያሳድግልን፤ ትልልቆቻችንን በጤና ያቆይልን፤ የታመሙትን ይማርልን። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።